አጥንት ስለ ዝናብ ምን ያውቃል? (ስለ ጥንት ባለ ሰኮና እንስሳትና ስላለፉ ዘመናት የአየር ጠባይ)

አንድ መምህር በክፍሉ ቆሞ «ከሁለትና ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት የኦሞ ሸለቆ እንደ ዛሬው አልነበረም፤ ደንና ውኃ የበዛበት አገር ነበር» እያለ ሲያስተምር፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ በዚያን ጊዜ ማን ነበረና ነው ዝናቡን የለካው?» ቢለው ምን ይመልሳል? «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ይህ መልስ አይደለም፤ ማምለጫ ነው። ልጁም ማምለጫ መሆኑን አያጣውም። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ሳይንስ ማለት የተጻፈውን መቀበል ነው ብሎ እንዲያምን ያደረግነው እኛው ራሳችን እንሆናለን።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ የሚሆን መልስ ለማዘጋጀት እንሞክራለን። መልሱን የምንፈልገው ከአጥንት ነው፤ ይኸውም በፕላይስቶሲን ዘመንና በዋዜማው ይኖሩ ከነበሩ ባለ ሰኮና አጥቢ እንስሳት ቅሪተ አካል። ቅሪተ አካል ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ ብሎ የሚሄደው ወደ ሰው ዘር ነው። ድንቅነሽን የማያውቅ ተማሪ የለም። አብረዋት በአንድ አፈር ውስጥ የተገኙትን አጋዘኖች፣ አሳማዎችና ጉማሬዎች የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው? አገሩ ምን ይመስል እንደነበር በዋናነት የሚመሰክሩት ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

ዘመኑ የቱ ነው?

የምድር ታሪክ ሊቃውንት ረጅሙን ጊዜ በዘመናት ከፋፍለውታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፕላይስቶሲን ከ2.58 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የዛሬ 11,700 ዓመት ግድም አበቃ። በተለምዶ «የበረዶ ዘመን» እየተባለ ይጠራል። ይሁን እንጂ ዘመኑን በሙሉ ምድር በበረዶ ተሸፍና ነበር ብሎ መገመት ስሕተት ነው። በረዶው ይመጣል፤ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመለሳል። ብርድና ሙቀት እንደ ክረምትና በጋ ይፈራረቁ ነበር፤ ልዩነቱ የአንዱ ተራ በአሥር ሺህ ዓመታት የሚቆጠር መሆኑ ነው።

የዚህ መፈራረቅ ምክንያት ምንድን ነው? ሰርቢያዊው የሒሳብ ሊቅ ሚሉቲን ሚላንኮቪች (1879–1958 እ.ኤ.አ.) እንዳስላው ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድና የምድር ዛቢያ አቀማመጥ ቀስ በቀስ ይለዋወጣሉ። የዛቢያዋ ውዝዋዜ በ23,000 ዓመት ገደማ፣ የዛቢያዋ ማዘንበል በ41,000 ዓመት ገደማ፣ የምሕዋሯ ቅርጽ ደግሞ በ100,000 ዓመት ገደማ ይመላለሳል። በዚህም የተነሣ በየኬክሮሱ የሚያርፈው የፀሐይ ሙቀት ከፍና ዝቅ ይላል። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ይህ ለውጥ በረዶን ያበዛል ወይም ያቀልጣል። በእኛ በኩል ደግሞ ክረምት ይዘውት የሚመጡትን ዝናብ ተሸካሚ ነፋሶች ያጠነክራል ወይም ያዳክማል።

ምሳሌ እንጥቀስ። የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ ሙቀቱ ከፍ ባለበት ጊዜ ጉማሬዎች በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ወንዝ ይኖሩ ነበር፤ አጥንታቸው በለንደን መሐል ትራፋልጋር አደባባይ ከመሬት ሥር ተገኝቷል። በአንጻሩ በመጨረሻው የብርድ ጊዜ ዛሬ በዋልታው አቅራቢያ ብቻ የምናውቀው ሬንዲር የሚባለው ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ እንስሳ በደቡብ ፈረንሳይ መንጋ መንጋ ሆኖ ይግጥ ነበር። ሁለቱም ባለ ሰኮና ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ዘመናቸው አየር የሚናገሩት ግልጽ ነው።

ወደ አገራችንም ስንመለስ በባሌና በሰሜን ተራሮች አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበር። የጣና ሐይቅ ደግሞ የዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ ደርቆ እንደነበር ከወለሉ ተቆፍሮ የወጣው ደለል አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሲመለስ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ እስኪሆኑ ድረስ ሞልተው ነበር። እንግዲህ «አየሩ ድሮም እንዲሁ ነበር» የሚለው አባባል የሚያስኬድ አይደለም።

ባለ ሰኮና ስንል

ባለ ሰኮና አጥቢዎች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። ክፍፍሉን ለመረዳት ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም፤ ከኢንስቲትዩቱ በር ወጥቶ አህያና ላም ማየት ይበቃል። የአህያ ኮቴ አንድ ነው። የላም ሰኮና ግን ከመሐል የተሰነጠቀ ሁለት ነው። አህያ፣ ፈረስ፣ የሜዳ አህያና ባለ ሦስት ጣቱ አውራሪስ የአካላቸው ክብደት በመሐለኛው ጣት ላይ የሚያርፍ ጎዶሎ ጣት ያላቸው ናቸው። ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ጎሽ፣ አጋዘን፣ ቆርኪ፣ ቀጭኔ፣ ከርከሮና ጉማሬ ደግሞ ክብደታቸው በሁለት ጣቶች መሐል የሚከፈል ተጋማሽ ጣት ያላቸው ናቸው።

በፕላይስቶሲን ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ከነበሩት ውስጥ ዛሬ የሌሉ ብዙ ናቸው። ሂፓሪዮን የሚባለው የፈረስ ዘመድ በየእግሩ ሦስት ጣት ነበረው። ሲቫቴሪየም የቀጭኔ ወገን ሆኖ አንገቱ አጭር፣ አካሉ ግዙፍ፣ በራሱ ላይ ትልልቅ ቀንድ መሰል አጥንት የተሸከመ ነበር። ፔሎሮቪስ የሚባለው ጎሽ መሰል እንስሳ የቀንዱ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ይበልጥ ነበር። ጉማሬ ጎርጎፕስ ደግሞ ዓይኖቹ ከግንባሩ በላይ ወጣ ብለው የተተከሉ ስለነበሩ አካሉን በውኃ ውስጥ ደብቆ አካባቢውን መቃኘት ይችል ነበር።

ባለ አንድ ኮቴው የፈረስ ወገን አፍሪካዊ መጤ ነው ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የዚህ ወገን መነሻ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን ባሕሩ ባፈገፈገ ጊዜ ወደ እስያ ተሻግሮ አፍሪካ የደረሰው ከ2.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በኦሞ ሸለቆም የዚሁ ጊዜ አፈር አጥንቱን ይዞ ተገኝቷል። ከባለ ሦስት ጣቱ ሂፓሪዮን ጋር አብረው ረጅም ጊዜ ከኖሩ በኋላ ሂፓሪዮን ጠፋ።

ለምን እነዚህ እንስሳት ተመረጡ?

አንደኛ፣ ብዛታቸው ነው። በአፋርም ሆነ በኦሞ ከሚለቀመው አጥንት ውስጥ የሰው ዘር አጥንት እጅግ ጥቂት ሲሆን የቀንዳሞች፣ የአሳማዎችና የጉማሬዎች አጥንት ግን በሺህ ይቆጠራል። በአንድ አጥንት ላይ ተመሥርቶ ስለ አገሩ አየር መናገር በአንድ ተማሪ ውጤት ክፍሉን በሙሉ እንደ መገምገም ነው። በሺህ አጥንት ላይ ግን ሒሳብ መሥራት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ምግብ መራጮች ናቸው። አንዱ ሣር እንጂ ሌላ አይቀምስም፤ ሌላው ቅጠል ይቀጥፋል፤ ሦስተኛው ከውኃ ዳር አይርቅም። ደፈርሳ ያለበት አገር ውኃ አለ ማለት ነው። ቆርኪ የበዛበት አገር ሜዳው ሰፊና ሣራማ ነው። ድኩላና የአጋዘን ወገን የበዛበት ደግሞ ቁጥቋጦና ጥላ ይኖረዋል። ሣሩን፣ ቅጠሉንና ውኃውን የሚወስነው ዝናብ ስለሆነ ከእንስሳው ወደ ተክሉ፣ ከተክሉ ወደ ዝናቡ መድረስ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ጥርሳቸው አይጠፋም። የጥርስ ልባስ የሆነው ኢናሜል በአካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ በመሆኑ ለሚሊዮን ዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል።

ጥርስ ምን ይላል?

የጥርስ ምስክርነት ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ቅርጹ ነው። ሣር በውስጡ የአሸዋ ዘር የሆነ ሲሊካ አለው፤ በዚያ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚበቅል አቧራ አያጣውም። ሣር የሚግጥ እንስሳ ጥርሱን ዕድሜ ልኩን በሞረድ እንደሚያስሞርድ ሰው ነው። ስለዚህ መንጋጋው ረጅም ካልሆነ ቶሎ አልቆ በረሃብ ይሞታል። ፈረስና ከርከሮ ቁመቱ የረዘመ መንጋጋ አላቸው። ለስላሳ ቅጠል የሚቀጥፉት ቀጭኔና ድኩላ ግን አጭር ይበቃቸዋል። ከሁለቱ የአፍሪካ አውራሪሶችም «ነጩ» የሚባለው ሣር በል ሲሆን «ጥቁሩ» ቅጠል በል ነው፤ ጥርሳቸውም እንደዚያው ይለያያል።

ሁለተኛው ጭረቱ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሣር በል ጥርስ ገጽ በቀጫጭን ጭረት የተሞላ ነው። ፍሬና ጠንካራ ነገር የሚበላው ግን ትንንሽ ጉድጓዶች ይበዙበታል። ቅርጹ የዘሩን የረጅም ጊዜ ልማድ ሲናገር፣ ጭረቱ ደግሞ ያ አንድ እንስሳ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት የበላውን ይናገራል።

ሦስተኛው ኬሚስትሪው ነው፤ እዚህ ላይ የእርሻ አገር ልጆች መሆናችን ይጠቅመናል። ተክሎች ከአየር ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ በአንድ መንገድ ይወስዳሉ፤ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ በሌላ። የቆላ ሣሮች አብዛኞቹ ከእነ ጤፍና ማሽላ ጋር ሲሰለፉ፣ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ከእነ ስንዴ ጋር ይሰለፋሉ። ከተፈጥሮ ካርቦን ውስጥ ከመቶ አንድ ያህሉ ክብደቱ ከፍ ያለው ካርቦን 13 ነው። የእነ ማሽላ ወገን ከዚህ ከባድ ካርቦን ጥቂት ይበልጥ ይይዛል። እንስሳው የበላው ካርቦን ወደ ጥርሱ ስለሚገባ፣ ከኢናሜሉ ጥቂት ተፍቆ ቢመረመር ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በኋላም ቢሆን ሣር በል ነበር ወይስ ቅጠል በል የሚለው ይታወቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በጣም ከፍ ባለውና ብርዳማው ደጋ የሚበቅሉት ሣሮች በአብዛኛው ከእነ ገብስ ወገን ናቸው። ስለዚህ የውርጭ አገር ሣር በል ጥርስ በኬሚስትሪው ብቻ ሲታይ ቅጠል በል ሊመስል ይችላል። ሦስቱን ምስክሮች አንድ ላይ መስማት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከኦሞ እስከ አዋሽ

በታችኛው የኦሞ ሸለቆ ሹንጉራ የሚባለው ድርብርብ አፈር ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት ሲኖረው ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በየመሐሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለተነጠፈበት ዕድሜው በንብርብር በንብርብር ሊለካ ችሏል። ከ1967 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ካሚይ አራምቡርግ፣ ኢቭ ኮፐንስና ክላርክ ሃውል የመሩት ዓለም አቀፍ ቡድን ከዚህ ሸለቆ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ቅሪተ አካል ሰብስቧል። በሹንጉራ የአጋዘን ወገን፣ የደፈርሳ ወገንና ኢምፓላ የበዙ ናቸው፤ ይህም ወንዙ ዳርና ዳሩ ደንና ቁጥቋጦ የነበረው መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ከ2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የቀንዳሞቹ ስብጥር ተለወጠ። የአሳማዎቹም መንጋጋ ከታች ወደ ላይ ባለው ንብርብር እየረዘመና ቁመቱ እየጨመረ ሄደ። ሣሩ እየበዛ መሄዱን ጥርሱ ይናገራል።

በአፋር ደግሞ በሌዲ ገራሩ በ2013 እ.ኤ.አ. ቻላቸው ሥዩም ያገኘው የመንጋጋ አጥንት ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን ከሆሞ ወገን የመጀመሪያዎቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል። መንጋጋው ብቻውን ስለ አገሩ ዝናብ ብዙ ሊል አይችልም። በዚያው ንብርብር የተገኙት እንስሳት ግን ሜዳው ከቀድሞው ይልቅ የተገለጠና ሣራማ እንደነበረ፣ ውኃም እንዳልጠፋበት አሳይተዋል። የእኛ ወገን ጅማሬ በምን ዓይነት አገር ላይ እንደሆነ ያወቅነው ከሰኮናሞቹ ነው።

በመካከለኛው አዋሽ በቡሪ 2.5 ሚሊዮን ዓመት በሆነው አፈር ውስጥ የቀንዳምና የሂፓሪዮን አጥንቶች ላይ በድንጋይ መሣሪያ የተቆረጡበት ምልክት ተገኝቶ በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ከዚያው ከቡሪ ዳካ በሚባለው 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው ክፍል ደግሞ የቆርኪ ወገን በብዛት ተገኝቷል፤ አብሮም ጉማሬና የደፈርሳ ወገን አለ። ሥዕሉን መሣል አያስቸግርም፤ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ በአጠገቡም ውኃ።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጎምቦሬ ከ700,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ጭቃ ተጠብቆ ቆይቷል። በጭቃው ላይ የጉማሬና የሌሎች እንስሳት ዱካ፣ ከእነሱም ጋር የትንንሽ ልጆች የእግር አሻራ ተገኝቷል። መልካ ቁንጡሬ ከባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የታችኛው ኦሞና የታችኛው አዋሽ ሸለቆዎች የተመዘገቡት በ1980 እ.ኤ.አ. ነበር።

የአሳማ ጥርስ የረታው ሙግት

አሁን ደግሞ ለማስተማር የሚመች አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ ኩቢ ፎራ በሚባለው ቦታ ኬ.ቢ.ኤስ. የተባለ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በፖታስየም አርገን መለኪያ ተመርምሮ ዕድሜው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው ተባለ። በ1972 እ.ኤ.አ. የሪቻርድ ሊኪ ቡድን ከዚያ ንብርብር በታች አንድ የታወቀ የራስ ቅል ሲያገኝ፣ በዚሁ ስሌት መሠረት ቅሉ ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ነው ተብሎ ዓለም ጉድ አለ።

በአሳማ ቅሪተ አካል የተካነው ባዝል ኩክ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ለምን ቢባል፣ ከአመዱ በታች የተገኙት የአሳማ መንጋጋዎች በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው ንብርብር ከሚገኙት ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ። በሐይቁ ዳርና በኦሞ መሐል ያለው ርቀት ደግሞ ለአሳማ የሚያስቸግር አይደለም። ታዲያ አሳማው በአንዱ በኩል ከሌላው ቀድሞ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ሊሠለጥን ነው? ወይ አሳማው ተሳስቷል፤ ወይ መለኪያው። ቲም ኋይትና ጆን ሃሪስም በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአሳማዎች ጥናት ይህንኑ አጠናከሩ። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ1980 እ.ኤ.አ. ግድም በተደረጉት ድጋሚ ልኬቶች የአመዱ ዕድሜ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ተረጋገጠ። ችግሩ የነበረው ከሌላ ቦታ ታጥቦ የመጣ ያረጀ የድንጋይ ፍርፋሪ ከአመዱ ጋር መቀላቀሉ ነው።

ከዚህ የምንማረው መሣሪያ አይታመንም ማለትን አይደለም፤ ድጋሚውን የለካውም መሣሪያ ነውና። ትምህርቱ አንድ ማስረጃ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን ከሌላው ጋር ካልተስማማ እንደገና መመርመር አለበት የሚል ነው።

ያልተቋጨው ክርክር

ኤልዛቤት ቨርባ የተባለችው ተመራማሪ በደቡብ አፍሪካ ዋሻዎች የተገኙትን ቀንዳሞች ስታጠና አንድ ቀላል ዘዴ አወጣች። በዛሬዎቹ የአፍሪካ ፓርኮች የቆርኪና የሜዳ ፍየል ወገኖች ከቀንዳሞች ሁሉ ከመቶ 60 በላይ ከሆኑ አገሩ የተገለጠ የሣር ሜዳ ነው፤ ቁጥቋጦ በበዛበት ግን ከመቶ 30 አይበልጡም። ይህንኑ ሚዛን ለጥንቱ አጥንት ተጠቀመችበት። ቀጥላም በ1985 እ.ኤ.አ. ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰሜኑ በረዶ ሲስፋፋ አፍሪካ ደረቀች፣ ብዙ የቀንዳም ዘሮች በአንድ ጊዜ ጠፍተው አዳዲሶች በቅለዋል፣ የሰው ዘርም ለውጥ የዚሁ አካል ነው ስትል ጻፈች።

ሐሳቡ ብዙዎችን ማረከ። በ1997 እ.ኤ.አ. ግን ኬይ ቤረንስማየርና ባልደረቦቿ የቱርካናን አካባቢ አጥንት ቆጥረው ለውጡ መኖሩን አምነው፣ በአንድ ጊዜ የሆነ ሳይሆን በረጅም ጊዜ ውስጥ ተዘርግቶ የተፈጸመ ነው አሉ። በሌላ በኩል ከባሕር ወለል በተቆፈረው ደለል ውስጥ ከአፍሪካ በነፋስ የተወሰደው አቧራ ሲመረመር በ2.8፣ በ1.7 እና በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የድርቀት ለውጥ ይታያል። መድረቁ እርግጥ ነው፤ ፍጥነቱና በሰው ዘር ላይ ያደረገው ጫና ግን ዛሬም ያከራክራል። ለተማሪ እንዲህ ብሎ መንገር ነውር የለውም። እንዲያውም ሳይንስ ሕያው መሆኑን የሚያየው በዚህ ነው።

እንዳንቸኩል

አጥንት ይመሰክራል ስንል ያየውን ሁሉ ሳያዛንፍ ይናገራል ማለታችን አይደለም። ወንዝ የሩቁንና የቅርቡን አጥንት አጥቦ አንድ ላይ ያከማቻል። ጅብ ትንንሹን አጥንት ቆርጥሞ ስለሚጨርስ ትልልቁ ብቻ ይቀራል። በአንድ ንብርብር ያሉ አጥንቶች በሺህ ዓመታት የሚለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ደግሞም የጥንቱ ዘመድ የዛሬውን ምግብ ይበላ ነበር ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ሰኮናም ባይባልም ዝሆን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዛሬው የአፍሪካ ዝሆን ቅጠልና ቅርፊት ያበዛል፤ በፕላይስቶሲን መጀመሪያ የነበሩት የአፍሪካ ዝሆኖች ግን በአብዛኛው ሣር በል እንደነበሩ የጥርሳቸው ካርቦን አሳይቷል።

ሕያዋን ቅርሶች

የፕላይስቶሲን ታሪክ ከመሬት ሥር ብቻ አይደለም ያለው። ዘመዶቹ በእስያና በአውሮፓ ተራሮች የሚገኙት ዋልያ ወደ አገራችን የገባው አየሩ ለብርድ ወዳድ እንስሳ በተመቸበት ጊዜ ነው። ሙቀቱ ሲመለስ ከፍ ባለው የሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ቀረ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የሚወጣበት ተራራ የለውም። የደጋ አጋዘንም እንዲሁ በባሌና በአካባቢው ከፍታዎች ተወስኗል። በዳካ ሜዳ መንጋ መንጋ ሆኖ የነበረው የቆርኪ ወገን በአገራችን ዛሬ ዋና መጠጊያው እንደ ሰንቀሌና ማዜ ያሉ ጥብቅ ቦታዎች ናቸው። ያለፈውን የሣር ሜዳ የምናነብበት ፊደል የሆነው እንስሳ ራሱ እንዲህ ተመናምኗል።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

እጩ መምህራን የምንሄድባቸው ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ ላይኖራቸው ይችላል። ለዚህ ትምህርት ግን ከሥጋ ቤትና ከመንደር ጫፍ የሚገኝ አጥንት ይበቃል። የላም፣ የፍየልና የአህያ መንጋጋ ታጥቦና ተቀቅሎ ጸድቶ ይቅረብ። ተማሪዎች የጥርሱን ቁመት በማስመሪያ ይለኩ፤ የላይኛውን ገጽ ይሣሉ፤ ሣር በሉና ቅጠል ቀጣፊዋ ፍየል በምን እንደሚለያዩ ራሳቸው ይናገሩ። በመጨረሻም በሰሌዳው ላይ የተፈጠረ ዝርዝር ይጻፍላቸው፤ «12 ቆርኪ፣ 3 ደፈርሳ፣ 1 ጉማሬ፣ 1 ድኩላ ተገኘ» ተብሎ አገሩ ምን ይመስል እንደነበር ይከራከሩ። ያን ጊዜ «ማን ዝናቡን ለካው?» ያለው ልጅ ለካኙ ራሱ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። ተማሪ ከወንዝ ዳር ወይም ከገደል ሥር ድንጋይ የሆነ አጥንት ይዞ ቢመጣ አመስግኑት፤ ነገር ግን «ሂድና ሌላም ቆፍረህ አምጣ» እንዳትሉት። ከንብርብሩ የተነቀለ አጥንት ዕድሜውንም ጎረቤቶቹንም ያጣል፤ ገጹ እንደ ተቀደደበት መጽሐፍ ነው። ከየት እንዳነሣው ጠይቃችሁ ቦታውን መዝግቡ፤ የቀረው ባለበት ይቆይ፤ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ክፍል አስታውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ክፍል እንዲያሳውቅ ደንግጓል። የሉሲን ያህል ዝነኛ የሚሆን ነገር ይገኛል ብለን አይደለም። ምናልባት የተገኘው የአንዲት ሚዳቋ ጥርስ ይሆናል። ነገር ግን እስካሁን እንዳየነው፣ በቦታዋ የቆየች የሚዳቋ ጥርስ የአንድን ዘመን ዝናብ ልትነግረን ትችላለች።

በዚህ ጽሑፍ ላይ ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ያለው ሁሉ፣ እጩ መምህርም ይሁን አሠልጣኝ፣ በወረቀት ጽፎ ከጋዜጣው ግርጌ ይሰካልን፤ በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበታለን።